የተረፈው ፊደል ወይስ የጎደለው ነጥብ?

በአትላንታና በአካባቢዋ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የሚደክሙ ወላጆች ይህን የመሰለ ታሪክ አያጡም። የአሥር ዓመት ልጅ በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ከወላጆችና ከእንግዶች ፊት ቆማ፣ እናቷ ስለ አያቷ የጻፈችላትን ወረቀት ታነባለች። ወረቀቱ «አያቴ ሰፊ ነበሩ» ይላል። አያት በአገር ቤት ዘመናቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ግን «ሰፊ» የሚለውን አጥብቃ አነበበችው። ልብስ ሰፊው አያት በአንዲት ቃል አዳራሽ የሚያህሉ ሰው ሆነው ቀሩ። ቤቱ ሳቀ። ክፉ አስቦ የሳቀ ማንም የለም፤ እናቲቱም ሳቀች። ልጅቷ ግን ለምን እንደተሳቀ ሳይገባት ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ጊዜ «ማን ያነባል?» ሲባል እጇን አላወጣችም።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ሲያልቅ ወላጆች እንደ ልማዳቸው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ መንገድ ከብራያርክሊፍ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይላሉ። ክትፎውና ጥብሱ እስኪቀርብ ጨዋታው ስለ ልጆቹ ይሆናል። «አማርኛ ማንበብ ለምን ከበዳቸው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፊደሉ በዝቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ ወገን «ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት አ፣ ሁለት ጸ ምን ያደርግልናል? ይጣል!» ይላል። ሌላው ወገን «አባቶች ያወረሱን ፊደል እንዴት ይጣላል?» ብሎ ይቆጣል። ቡናው ቀርቦ ሦስተኛው ሲጠጣም ክርክሩ አያልቅም።

ይህ ክርክር በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አልተጀመረም። ሞክሼ ፊደላት የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ ናቸው። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ ናቸው። በግዕዝ በጥንቱ ዘመን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ተናጋሪው በጊዜ ብዛት ድምፁን አንድ ሲያደርገው ፊደሉ ግን እንዳለ ቆየ። በዚህ ላይ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ የአጻጻፉ አማራጭ ይበዛል። «ዓለም» የሚለውን ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በአራት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ «ፀሐይ»ን በአሥራ ሁለት፤ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ደግሞ «ኸ»ን ሳንጨምር በሃያ አራት። የጓደኛውን ስም በስልኩ ውስጥ ፈልጎ ያጣ ሰው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ሲመዘግበው በሐመሩ፣ ሲፈልገው በብዙኃኑ።

«ይቀነስ» የሚሉት ወገኖች እንግዲህ መሠረት የሌለው ነገር አይናገሩም። ከ33ቱ የአማርኛ ፊደላት አምስቱ ቢቀነሱ፣ ከነዘሮቻቸው 231 ከሚሆኑት ቅርጾች 35ቱ ከገበታው ይወርዳሉ። ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ የጽሕፈት መኪና ሌላ ምክንያት ሆኖ ነበር፤ ያን ሁሉ ፊደል በአንድ መኪና ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ስለነበር። ትልልቅ ሰዎችም ሐሳቡን ደግፈውታል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሟገቱት አንዱ ነበሩ።

«አይነካ» የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አልቆሙም። በእነሱ ዘንድ ፊደል የቃሉን ዘር ይናገራል። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» በግዕዝ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ «ምሥራቅ»ም ከዚያ የመጣ ነው። በእሳቱ ሲጻፍ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። «ሥዕል» እና «ስእለት»ም ዘራቸው የተለያየ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዕድሜያቸውን የሰጡባቸው መዝገበ ቃላት የቆሙት በዚህ ሥርዐት ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በዚያው ምግብ ቤት በሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ ትግርኛ የሚናገር ቤተሰብ ተቀምጦ ይሆናል። ለትግርኛ ተናጋሪ ሐመሩ ሐ እና ዓይኑ ዐ ዛሬም በአፉ የሚለያቸው ሕያው ድምፆች ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ትርፍ የሆነው ለጎረቤቱ ትርፍ አይደለም።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን ወደዚያች ልጅ መመለስ ያስፈልጋል። ልጅቷ የተሳሳተችው በሀ ነው? በሰ ነው? አይደለም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በፀሐዩም ሆነ በጸሎቱ ቢጽፉላት አስተካክላ ታነበው ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱም ፊደል የሚሰጣት ድምፅ አንድ ነው። ሞክሼ ፊደል የሚያስቸግረው ጸሐፊን እንጂ አንባቢን አይደለም። አንባቢዋን ልጅ የጣላት የተረፈ ፊደል ሳይሆን የጎደለ ምልክት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም።

ይህ ጉድለት ቀላል የሚመስለው አማርኛን በእናቱ ጡት ለጠጣው ሰው ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ አለቃ ወይም ቁም ነገር ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ይገኛል ነው። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድ ሰው ካላላው ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው፤ ካጠበቀው ደግሞ ዶሮው በወጥ መልክ ወደ ገበታ እየመጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዶሮው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ቢሆንም በወረቀት ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለም።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም ደሴ ያደገ ልጅ በዚህ አይቸገርም። ቃሉን ከማንበቡ በፊት ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ዓይኑ ፊደሉን ሲያይ ጆሮው ያስታውሰዋል። አትላንታ የተወለደው ልጅ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አብዛኛውን ቃል መጀመሪያ የሚያገኘው በወረቀት ላይ ነው። ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ከወንድሙ ጋር እንግሊዝኛ፣ ከቴሌቪዥኑ እንግሊዝኛ ሲሰማ ውሎ፣ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት አማርኛ ይማራል። «ከአገባቡ ይታወቃል» የሚባለው ለማን ነው? አገባቡን ለሚያውቅ ነው። እሱ ግን ገና ለማወቅ ነው የመጣው። የሚደገፍበትን ምርኩዝ በእጁ ሳይሰጡት ለምን ወደቅህ ማለት ተገቢ አይመስልም።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «የአማርኛ ፊደል እንደተጻፈ የሚነበብ ነው፤ እንደ እንግሊዝኛ አይደለም» እያሉ ይኮራሉ። ኩራቱ በከፊል ትክክል ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጉድ ነው። «ዞ»፣ «ስሩ»፣ «ተፍ» እና «ኮፍ» ተብለው የሚነበቡት አራት ቃላት መጨረሻቸው በእነዚያው አራት ፊደላት፣ ማለትም በኦ፣ በዩ፣ በጂ እና በኤች ይጻፋል። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የሚገኝበት ካውንቲ እንኳ ስሙ ሲጻፍ ኤል አለበት፤ የአገሬው ሰው ግን «ዲካብ» ብሎ ይጠራዋል፤ «ዲካልብ» ያለ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ይህን ለማስተካከል የተሞከረው ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 የሚሆኑ ቃላትን በአጭር አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ። በጋዜጣ ተሳቀባቸው፤ የተወካዮች ምክር ቤቱም ስለተቃወመ በዚያው ዓመት ነገሩን ተዉት። «ቺካጎ ትሪቢዩን» የተባለው ትልቅ ጋዜጣ በ1934 አንዳንድ ቃላትን አሳጥሮ መጻፍ ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1975 ወደ አሮጌው አጻጻፍ ተመለሰ። በአንጻሩ ኖኅ ዌብስተር የተባለው ሰው «ከለር» ከሚለው ቃል ውስጥ ዩን አስወጥቶ አሜሪካ ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲያ ይጽፋል። ዌብስተር ሥልጣን አልነበረውም። የነበረው በ1783 ያሳተመው የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍና በ1828 ያወጣው መዝገበ ቃላት ነው። እሱም ቢሆን የተሳካለት በጥቂቱ ነው፤ «ምላስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከስድስት ፊደል ወደ አራት ለማውረድ ያቀረበውን ሐሳብ ማንም አልተቀበለውም። ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው። ፊደል በአዋጅ አይሻሻልም፤ ብዙ ቢያነሡበትም ያምፃል፤ ትንሽ ነገር ግን በልጆች መጽሐፍ በኩል ከገባ ይቀመጣል።

ለአማርኛ የሚበጀው ምሳሌ ግን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ከጎረቤት ይገኛል። በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ቶኮ ሂልስ በሚባለው ሠፈር፣ በላቪስታ መንገድ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና የሚያልፍ ሰው ሰንበታቸውን ጠብቀው በእግራቸው ወደ ምኩራብ የሚሄዱ የአይሁድ ቤተሰቦችን ያያል። የእነሱም ልጆች አሜሪካ ተወልደው እንግሊዝኛ እየተናገሩ ዕብራይስጥ ይማራሉ። ለአዋቂ በሚታተም የዕብራይስጥ ጋዜጣ ላይ አናባቢው አይጻፍም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ራሱ ይሞላዋል። በልጆች መጽሐፍና በጸሎት መጽሐፍ ላይ ግን በፊደሉ ሥርና በላዩ ነጥብና ጭረት ተደርጎ ድምፁ በሙሉ ይታያል። ልጁ ሲጠነክር ነጥቡ ይቀራል። ማንም «ፊደላችን ተበላሸ» ብሎ አላለቀሰም።

ከዚህ የቀረበም አለ። ቁርኣን የሚቀሩ የኢትዮጵያ ልጆች «ሸዳ» የምትባለውን ምልክት ያውቋታል። በፊደሉ አናት ላይ ተቀምጣ «ይህን አጥብቀህ አንብብ» የምትል ምልክት ናት። እንግዲህ ያው የሐበሻ ልጅ በዐረብኛ መጽሐፉ ላይ የሚያገኘውን ርዳታ በአማርኛ መጽሐፉ ላይ ሊያገኘው አልቻለም ማለት ነው።

«አዲስ ምልክት መጨመር ከባህላችን ውጭ ነው» የሚል ቢኖር ታሪኩ ይመልስለታል። ግዕዝ በመጀመሪያ ሲጻፍ አናባቢ አልነበረውም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ፣ ፊደሉ ላይ ጭረትና ቀለበት እየተጨመረ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚባሉት ዘሮች ወጡ። በኋላም አማርኛ ሲጻፍ በግዕዝ ያልነበሩ ድምፆች መጡ። የጥንቶቹ ጸሐፍት ምን አደረጉ? በሰ ራስ ላይ ምልክት ጨምረው ሸን፣ በተ ላይ ቸን፣ በነ ላይ ኘን፣ በከ ላይ ኸን፣ በዘ ላይ ዠን፣ በደ ላይ ጀን፣ በጠ ላይ ጨን አወጡ። የጎደለውን በትንሽ ምልክት መሙላት የፊደሉ የገዛ ጠባዩ ነው። መጣል እንጂ መጨመር ለአባቶች እንግዳ ሥራ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን የንባብ መምህርም ቢሆን ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በአፉ እየለየ ደቀ መዝሙሩን ያሠለጥናል። መምህሩ በየቀኑ አጠገብ ስላለ ምልክት አላስፈለገም። አትላንታ ላይ ግን መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚገኘው።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ይህን አስተውለውት ነበር። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ታሪኩን በፍቅር ያነበበው ሕዝብ ነጥቡን ግን አልተከተለውም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የመጽሐፉ አንባቢ አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ አዋቂ ስለነበር ነጥቡ አላስፈለገውም። ነጥቡ የሚያስፈልገው ልጅ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። አሁን ተወልዶ በአትላንታ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትልና በስቶክሆልም ትምህርት ቤት ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ገጹ ዝንብ የተቀመጠበት ይመስላል» የሚል ነው። ይህ ለጋዜጣና ለልቦለድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነጥቡ ለልጆች ማንበቢያ ብቻ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይነሣል። ሁለተኛው «በኮምፒዩተር አይጻፍም» የሚል ነው። ይህ ምክንያት ጊዜው አልፎበታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ገብቷል፤ የጥብቀት ምልክቱም በ2005 ተጨምሮለታል። የስልኩ የፊደል ገበታ ምልክቱን ባያወጣው እንኳ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ማንንም አይሳነውም። ሦስተኛው ደግሞ «እኛ ያለ ነጥብ ተምረን የለ?» የሚል ነው። አዎን፣ ተምረዋል። ነገር ግን የተማሩት ሠፈሩ ሁሉ፣ ገበያው ሁሉ፣ ሬዲዮኑ ሁሉ አስተማሪ በሆነበት አገር ነው። የስደት ልጅ እነዚያ አስተማሪዎች የሉትም።

ስለዚህ በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አቅጣጫውን ቢለውጥ ይበጃል። ሞክሼ ፊደላትን በተመለከተ የሚሻለው ከገበታው ሳይጥሉ በልጁ ላይ ግን አለመፍረድ ነው። ልጁ ሁሉንም ማንበብ ይወቅ፤ ሲጽፍ ግን «አለም»ን በአልፋው ስለ ጻፈ ቀይ እስክሪብቶ አይነሣበት። ዋና ከተማዋ ራሷ «አዲስ አበባ» ተብላ በአልፋው ስትጻፍ፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ግን የመዝገበ ቃላታቸውን ስም «ዐዲስ» ብለው በዓይኑ ነው የጻፉት። ሊቃውንትና መንግሥት ያልተስማሙበትን የአሥር ዓመት ልጅ እንዲወስን መጠየቅ አይገባም። የቃሉን ዘር የማወቅ ፍላጎት ሲያድርበት፣ ያን ጊዜ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ እየጠበቁት ይቆያሉ።

የጎደለውን ነጥብ በተመለከተ ደግሞ ጉባኤም ሆነ አካዳሚ መጠበቅ አያስፈልግም። የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ቤቶች መምህራን ለልጆቹ በሚያባዙት ወረቀት ላይ የሚጠብቀውን ፊደል ነጥብ ቢያደርጉበት በቂ ነው። ነጥቡ አንድ ይሁን ሁለት ትልቅ ነገር አይደለም፤ ዋናው ሁሉም መምህር አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው። ወላጅም ለልጁ የሚጽፈውን ደብዳቤ በዚሁ መልክ ሊያዘጋጀው ይችላል። የተጠራጠረ ደግሞ ይፈትን፤ አንድን ገጽ ለግማሹ ክፍል ከነነጥቡ፣ ለግማሹ ያለ ነጥብ ሰጥቶ ድምፃቸውን ያዳምጥ። ወጪው የአንድ እርሳስ ዋጋ ነው። ካልረዳ ይተዋል፤ ከረዳ ግን በትንሽ ድካም የተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ በስደት ምድር የሚኖረው ልጆቹ ሊያነቡት ሲደፍሩ ብቻ ነው። ድፍረት ደግሞ በሳቅ መካከል አያድግም። ያች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ወረቀት ይዛ ብትቆም፣ በሚጠብቁት ላይ ሁሉ ነጥብ ተደርጎላት፣ «ሰፊ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ነጥብ አለመኖሩን አይታ አላልታ ታነበዋለች። አያቷም ወደ ልብስ መስፊያ መኪናቸው ይመለሳሉ።